የሠራተኛው ቤት ቁልፍ በማን ኪስ ይሁን?

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስለ ኢንዱስትሪ እድገት በተዘጋጀ ውይይት ላይ ታድሜ ነበር። ለሻይ ልንወጣ ስንል ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና «ለመሆኑ እነዚህ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ማታ ማታ የት ነው የሚያድሩት?» ሲሉ ጠየቁ። መድረኩ ላይ የነበሩት ባለሙያ ፈገግ ብለው «ቤት የፋብሪካ ሥራ አይደለም፤ ገበያው ይፈታዋል» አሉ። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ከዚያም ወጥተን ሻያችንን ጠጣን።

ያች ሳቅ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች፤ እኔም ስቄያለሁና። ገበያው እንዴት አድርጎ እንደሚፈታው ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የትውልድ ቀዬዬ ሲሪንቃ ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት መርሳ ሳይደረስ የምትገኝ፣ አብዛኛው መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ነች። ስሟን የሰማ ሰው ቢኖር የሰማው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። የአክስቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላት ሲል፣ በ2010 ዓ.ም. ከኢንዱስትሪ ፓርኮቹ በአንዱ ውስጥ ከሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። የፋብሪካውንም የከተማውንም ስም ልተወው፤ ክሴ ከአንድ ፋብሪካ ጋር አይደለም። ደመወዟ በወር ዘጠኝ መቶ ብር ገደማ ነበር።

ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ያየሁት ክፍል ሦስት በአራት የሆነች የጭቃ ቤት ናት። በሩ ሲከፈት ሁለት ልጆች በጠራራ ፀሐይ ተኝተዋል። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ያደሩ ናቸው። አራት ሆነው የተከራዩት ሲሆን ያላቸው ፍራሽ ሁለት ነው። ሁለቱ ሲነሱ ሁለቱ ይተኛሉ። «ወንድምጋሼ፣ እኛ ቤት ፍራሽ በርዶ አያውቅም» ብላ ሳቀች። ኪራዩ ስምንት መቶ ብር፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ብር ይደርሳል። ስትገባ አምስት መቶ ብር ነበር። ፋብሪካው ደመወዝ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ተናፈሰና ደመወዙ ሳይጨምር ኪራዩ ጨመረ። ውሃው በጀሪካን ይቆጠራል። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ግን የማታ ፈረቃዎቹን አስፋልት ዳር የሚያወርዳቸው በአምስት ሰዓት ነው። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ መብራት የለውም። ከአራቱ አንዷ በዚያ መንገድ ላይ የደረሰባትን ነግራኛለች፤ አልጽፈውም።

ከዘጠኝ መቶ ላይ ሁለት መቶ ሲነሳ ሰባት መቶ ይቀራል። በሰባት መቶ ብር ወር ሙሉ በልቶ፣ ሳሙና ገዝቶ፣ ታሞ ታክሞ፣ ለእናት ተርፎ እንዴት ይሆናል ብዬ ስጠይቃት ጥግ ላይ ወደቆመ ጆንያ አመለከተችኝ። ከሲሪንቃ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የመጣ ነው። የማሽላና የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ። በየወሩ ይመጣል። የሌሎቹም ልጆች እንዲሁ ከየቀያቸው ይመጣላቸዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበልልኝ። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ቁራሽ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ የምትኖር ሴት ናት። ልጇ የምትሰፋው ልብስ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ ይሸጣል። ያ ልብስ የረከሰው የአሜሪካው ነጋዴ ለጋስ ስለሆነ አይደለም፤ ባለ ፋብሪካውም ጨዋ ስለሆነ አይደለም። የሰፊዋን ቀለብ አክስቴ ስለምትችል ነው። ሲሪንቃ ላይ ያለች ድሃ ገበሬ ለዓለም ገበያ ድጎማ ትሰጣለች። ደረሰኝ ግን አይቆረጥላትም። «ገበያው ይፈታዋል» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። ጆንያው ነው የሚፈታው።

በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ስለ ሐዋሳው ፓርክ ያወጣው ጥናት ይህንኑ በቁጥር ተናግሮታል። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዓለም ላይ ልብስ ሰፍተው ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው የተባለው። ባንግላዴሽ ውስጥ በዚያው ጊዜ 95 ዶላር ነበር። ጥናቱ የፋብሪካዎቹ የሠራተኛ ፍልሰት መቶ በመቶ እንደሆነም ጽፏል። ይህም ማለት አንድ ፋብሪካ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የሠራተኞቹን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው መቅጠር ነበረበት። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ ልጆቹ መልቀቃቸው ሳይሆን ያን ያህል ጊዜ መቆየታቸው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ፤ ጠቤ ከሁለት ወገን ጋር ነውና። ይህን ሁሉ ሳወራለት አንድ ወንጂ ተወልዶ ያደገ ወዳጄ «ድሮ ቀረ!» አለኝ። «ሆላንዶቹ ሸንኮራ ከመትከላቸው ጋር ቤት ይሠሩ ነበር። ቤቱ፣ ውሃው፣ መብራቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ኳስ ሜዳው፣ ሁሉም ከኩባንያው ነው። አባቴ ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም» አለ። እንዲህ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ድሬዳዋ ብትሄዱ የምድር ባቡር ልጆች፣ መተሐራ ብትሄዱ የስኳር ልጆች ይህንኑ ይነግሯችኋል። ልጅነትን መንቀፍ ስለሚከብድ ብዙ ሰው ሰምቶ ዝም ይላል። እኔ ግን ዝም አልልም፤ ወዳጄም አይቀየመኝ።

እስቲ ከድሬዳዋ እንጀምር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ ከዚያ ሜዳ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልሆነለት ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። የባቡር ኩባንያው ለሠራተኞቹ ቤት ሠራ፤ መንገዱን በገመድ ለክቶ ቀየሰ፤ ዛፍ ተከለ። ከዚራን ያየ ሰው የተባለው ሁሉ እውነት መሆኑን ይመሰክራል። ነገር ግን ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ አንድ ከተማ አልነበረም። በአንዱ ዳር ኩባንያው የቀየሰው ከዚራ፣ በሌላው ዳር ሰው እንደ አቅሙ የሠራው መጋላ ነበር። የኩባንያ ቤት የመጀመሪያው ጠባይ ይህ ነው። ለአንዱ ጥላ ሲሆን ለሌላው አጥር ይሆናል።

ከዚህ የባሰውን አዲስ አበባ አይታለች። ካዛንቺስ የሚለውን ስም ስንጠራ ኖረን ትርጉሙን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ኢንቺስ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራው ድርጅት ስም ምህጻር ነው። ካዛ ኢንቺስ ማለት እንግዲህ የዚያ ድርጅት ቤቶች ማለት ነው። ካዛ ፖፖላሬም እንዲሁ ለተራው ጣሊያናዊ የተሠራ ሰፈር ነበር። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ፋሽስቶች ለሠራተኞቻቸው ቤት መሥራት አልረሱም፤ የከተማውን ባለቤት ወደ ሌላ ወገን አርቀው የራሳቸውን ሰው አሰፈሩ። ስሙ ብቻ ቀረልን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ስለ ትዝታ ብዙ ተጻፈ፤ ከተማይቱ ለሠራተኛ ታስቦ ከተሠራ ቤት አንዱን ሰፈር በስሙ ስትጠራ እንደኖረች ግን ያነሳ አላየሁም። በቅንፍ ውስጥ የምታስቀምጡልኝ ቅሬታ ነው።

ወደ ወንጂ ልምጣ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የጃቫው ዘመኑ አበቃና አዲስ አገር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ቆየት ብሎ ሸዋ፣ ከዚያም መተሐራ ተከተሉ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር ሣር ነበር። እሱ ተነሳ፤ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ የመጣ ቆራጭና ቆፋሪ ደግሞ በካምፕ ሰፈረ። የካምፖቹ ስም እንኳ የሰው ቀዬ ስም አልነበረም። በላቲን ፊደል ነበር የሚጠሩት። የሆላንዶቹ ቪላና አትክልቱ በአንድ ወገን፣ የኢትዮጵያዊው ጸሐፊና የእጅ ባለሙያ ቤት ለብቻው፣ የሸንኮራ ቆራጩ ተርታ ክፍል ደግሞ እዚያ ማዶ ሸንኮራው መሃል። ማን ምን ያህል ደመወዝ እንደሚያገኝ ለማወቅ ቤቱን ማየት ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚታለፍ ነው ቢባል እንኳ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። እሱም ውሃው ነው።

ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከዓለቱ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ለወንጂ ካምፖች ከተቆፈሩት ጉድጓዶች መካከል ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው አሉ። ውሃው ጠርቶ የሚታይ፣ ሽታ የሌለው ነው። ሕፃን ከጠጣው ጥርሱ ገና ሳይበቅል ይበላሻል፤ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አዋቂ ሰው አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ከጠጣው አጥንቱ እየደነደነ፣ ጀርባው እየገተረ፣ አንገቱን ማዞር እየተሳነው ይሄዳል። የባሰበት ይሽመደመዳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በወንጂና በሸዋ እርሻዎች ይህ በሽታ ተለይቶ ታወቀ። እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በተከታዮቹ ዓመታት አጥንተው ጻፉበት። ከዚያም የፍሎራይድ ማጣሪያ ተተከለ። ለብዙዎቹ ግን አጥንታቸው ከደነደነ በኋላ ነበር።

ኩባንያው ሆን ብሎ መረዛቸው አልልም። የምለው ሌላ ነው። ያ ሠራተኛ ሥራው የኩባንያው፣ አልጋው የኩባንያው፣ ሐኪሙ የኩባንያው፣ የሚጠጣው ውሃም ኩባንያው ያስቆፈረለት ነበር። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ለማን አቤት ይበል? አቤት ባለ ቀን ሥራውን ቢያጣ ቤቱንም ያጣል፤ ቤቱን ሲያጣ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? «አባቴ ኪራይ አያውቅም» ያለኝ ወዳጄ ልክ ነው፤ ኪራይ በብር አልከፈሉም። አንዳንዱ የከፈለው በጀርባ አጥንቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ካምፑ የወለደው ክፉ ብቻ አይደለም። በአንድ ተርታ የሚያድሩ ሰዎች ማታ ይነጋገራሉ። በመረዳጃ የጀመሩት የወንጂ ሠራተኞች ወደ ማኅበርነት አደጉ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አበራ ገሙ ከወንጂ የመጡ ሰው ነበሩ። ዛሬ በየጭቃ ቤቱ ለአራት ለአምስት ተበትነው፣ ፈረቃቸው ተለያይቶ፣ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ የምትተኛ ልጆች መቼ ተገናኝተው ይነጋገሩ? ይህን ነገር የታዘበ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሠራተኛ ቤት ጉዳይ የጣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ መጣና የስኳር ፋብሪካዎቹን ወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ብዙ ድሃ እፎይ አለ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን የኩባንያው ቤት የመንግሥት ድርጅት ቤት ሆነ እንጂ የሠራተኛው አልሆነም። ሆላንዳዊው ሥራ አስኪያጅ ሄደና ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ ቁልፉ ያው ከሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤቱን አስረክቦ ወዴት እንደሚሄድ የሚጨነቅበት ነገር አልተለወጠም። ሠራተኛ መደብ በስሙ በሚምልበት ዘመን እንኳ የራሱ በር አልነበረውም። የቀበሌውን ቤት ነገር እንተወው፤ ያን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደሚጠግነው ሳይታወቅ ስንት ክረምት አለፈ!

ከዚያ የፓርኮቹ ዘመን መጣ። የሐዋሳው በሐምሌ 2008፣ የኮምቦልቻው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐዋሳው በዘጠኝ ወር ተሠራ ተብሎ ተደነቀ፤ የሚያስደንቅም ነበር። ስድሳ ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተባለ። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ሳይቀር ተጣርቶ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውልበት ዘዴ ተዘረጋለት። እንግዲህ ፍረዱኝ። ለታጠበ ጨርቅ ውሃ መመለሻ ታስቦለታል፤ ከፈረቃ ለምትወጣ ልጅ መመለሻ አልታሰበላትም። በዘጠኝ ወር ያን ሁሉ ሼድ ያቆመች አገር ጎን ለጎን ቤት ማቆም እንዴት አቃታት? አልቻለችም ብዬ አላምንም። አልጠየቃትም።

እኛ አገር ሲሪንቃ የማሽላ ዘር የሚያወጡ ተመራማሪዎች አሉ። ዝርያው ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት አፈሩ ይመረመራል፤ ዝናቡ ይመዘገባል፤ በመስመርና በመስመር መካከል ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ደግሞ የራሱ ልክ አለው። ተጠጋግቶ የተዘራ ማሽላ ፍሬ እንደማይዝ የሲሪንቃ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ልጆቹን ሲሰዱ ግን ሁለት ፍራሽ ለአራት ይበቃል አይበቃም ብሎ የለካ መሐንዲስ አልነበረም።

አሁን መልሱን አውቃለሁ። «ባለሀብቱ ይሸሻል» ትሉኛላችሁ። ባለሀብቱ ሼድ ተሠርቶ ተሰጥቶታል፤ መንገድና መብራት ገብቶለታል፤ የግብር እፎይታ አግኝቷል። ዝቅተኛ ደመወዝም እንዲሁ፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደነገገ እንጂ የአክስቴ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል አልነበረም። በዓመት ውስጥ የሠራተኞቹን ቁጥር ያህል አዲስ ሰው የሚያሠለጥን ፋብሪካ ደግሞ ኪሳራውን ያውቀዋል። እጇ የተፍታታ ሰፊ ሄዳ መርፌ መያዝ የማታውቅ ስትመጣ ስንት ሸሚዝ እንደሚበላሽ ከኔ ይልቅ ለእሱ ይነገረው። ደግሞስ ሸሽተው የለ? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገብቶ ፓርኩ ተዘረፈ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን ዕድል አነሳች፤ የሐዋሳው ትልቁ ድርጅት ፒ.ቪ.ኤች. ከዚያ ቀደም ብሎ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። በርካሽ የመጣ በርካሽ ይሄዳል። ቤት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱ እንኳ በቀረልን።

ሌሎች ደግሞ «እንግዲያውስ ፓርኩ ውስጥ መኝታ ቤት ይሠራና ይደሩበት» ይላሉ። እነዚህን ነው ይበልጥ የምፈራቸው፤ ደግ ይመስላሉና። ቻይና ይህን አድርጋዋለች። ሼንዠን ከተማ የፎክስኮን ሠራተኞች ከማሽኑ ተነስተው እዚያው ግቢ ውስጥ ፎቅ ላይ ይተኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ልጆቹ ተራ በተራ ከፎቅ ራሳቸውን ሲወረውሩ ኩባንያው ያደረገው አንዱ ነገር ከሕንፃዎቹ ዙሪያ መረብ መዘርጋት ነበር። አሜሪካኖችም ከዚያ በፊት ቀምሰውታል። ጆርጅ ፑልማን የተባለ የባቡር ፉርጎ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከቺካጎ ወደ ደቡብ ለሠራተኞቹ ያማረ ከተማ ሠራ። የሸክላ ቤት፣ ቧንቧ፣ መናፈሻ ያለው፣ ሰው ከሩቅ እየመጣ የሚጎበኘው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደመወዝ ቀነሰ። የቤቱን ኪራይ ግን አልቀነሰም፤ ኪራዩንም የሚቀበለው እሱ ራሱ ነበር። በ1894 ሠራተኛው አድማ መታ፤ የመንግሥት ወታደር ገባ፤ ደም ፈሰሰ። ከአራት ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለፋብሪካው የማያስፈልገውን ከተማ እንዲሸጥ ፈረደ። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ዳኞች የገባቸው ነገር ለኛ ዛሬ እንዴት ይጠፋናል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሼድ ሲፈቀድ አልጋ ይቆጠር። አምስት ሺህ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ያለ አምስት ሺህ ሰው የት እንደሚያድር በዕቅዱ ላይ ያሳይ፤ ለግንባታውም በቀጠረው ሰው ልክ ያዋጣ። ቤቱን ግን እሱ አይሠራው፤ አያከራየውም። ከተማው ወይም ለዚሁ የቆመ የሕዝብ ድርጅት ይሥራው፤ ውሉ በስሟ ይሁን። ከሥራ የወጣች ቀን ከቤት የምትወጣበት ውል ውል አይባልም። ሌላ ሥራ እስክትፈልግ ወራት ትቀመጥ፤ ሌላ ፋብሪካ ብትገባም እዚያው ትቀመጥ። ውሃውን አሠሪዋም አከራይዋም ያልሆነ ሰው ይመርምረው። የሠራተኛ ማኅበሩ ከአስተዳደሩ ወንበር ይኑረው። ኮንዶሚኒየም አለ የሚለኝ እንዳይመጣ፤ በዘጠኝ መቶ ብር ደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ የቆጠበች ልጅ ካለች ያስተዋውቀኝ። እናም አከራዮቹን ሁሉ ሌባ አልልም። ያችን የጭቃ ቤት ያከራዩት ሴትዮ ራሳቸው መሬታቸው ለፕሮጀክት ሲወሰድ ካሳውን ጣሪያ ላይ ያዋሉ ገበሬ ነበሩ። ሌላ ገቢ የላቸውም። ድሃ ድሃን ሲያከራይ ሁለቱም ይመረራሉ፤ የተጠቀመው ሦስተኛው ወገን ነው።

የአክስቴ ልጅ በ2012 ዓ.ም. ሥራውን ለቃ ባሕር ተሻገረች። በኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሐብሩ ስንት ልጅ ወጥቷል! አሁን የሰው ቤት ትሠራለች። የምታድረው እዚያው አሠሪዋ ቤት ነው። የበሩ ቁልፍም ፓስፖርቷም በእሷ እጅ አይደሉም። ባለፈው ስትደውል «ወንድምጋሼ፣ እዚህስ የራሴ ፍራሽ አለኝ» አለችኝ።

በዚህ ወር ደግሞ አክስቴ ደወለች። ታናሺቱ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው ሲባል ሰምታ ልሂድ ብላለች። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ታውቃለህ» አለችኝ። «ቤት ይሰጧታል ወይስ እንደ እህቷ ነው?» እንደ እህቷ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ማሽላውን ላስፈጭ» ብላ ስልኩን ዘጋች።